የ1997ቱን ተንደርቦልትስ ማን ቀየራቸው? ኮሚኩን ያነበባችሁ ኑ

ብራና_ገላጭ

ሰላም ቤተሰብ። የ2025ቱ የማርቬል ፊልም ከወጣ ወዲህ ተንደርቦልትስ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ዬሌናን፣ ባኪንና ቦብን ነው። ፊልሙን ወድጄዋለሁ። ግን ስሙ የተወሰደው በማርቬል ኮሚክ ላይ ካለ ሌላ ቡድን ነው። ከመጀመሪያዎቹ ስድስት አባላት አንዳቸውም ፊልሙ ውስጥ የሉም። ዛሬ ስለ እነሱ እናውራ። ታሪኩን ስለምዘረግፈው፣ ራሳችሁ አንብባችሁ መድረስ የምትፈልጉ እዚህ ላይ አቁሙ።

ላላነበበ በአጭሩ። በ1996 ኦንስሎት በተባለው ታሪክ አቬንጀርስና ፋንታስቲክ ፎር ሞቱ ተባለ። ኒውዮርክ ያለ ጠባቂ ቀረች። በዚህ መሀል በ1997 ተንደርቦልትስ የሚባሉ አዳዲስ ጀግኖች ብቅ አሉ። መሪያቸው ሲቲዝን ቪ ነው። ማክ-ዋን፣ ሶንግበርድ፣ ሜቲዮራይት፣ አትላስና ቴክኖ ከሥሩ አሉ። ከተማው ወደዳቸው። የአንደኛው እትም መጨረሻ ላይ ሲቲዝን ቪ ጭምብሉን ሲያወልቅ የአቬንጀርስ የድሮ ጠላት ባሮን ዚሞ ሆኖ ተገኘ። የቀሩትም ማስተርስ ኦፍ ኢቭል የሚባሉት የድሮ ቪላኖች፣ ማለትም የጀግኖች ጠላቶች፣ ናቸው። ሐሳባቸው የሕዝቡንና የመንግሥትን አመኔታ አግኝተው፣ ምስጢሩን ሁሉ እጃቸው ካስገቡ በኋላ ዓለምን መያዝ ነው።

ስለዚያ መጨረሻ ብዙ ተብሏል። እኔ ማውራት የምፈልገው ከሁለተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው እትም ስላለው ነው። ለይምሰል የጀመሩት ጀግንነት እያደር ይጥማቸዋል። የቀየራቸው ማን ነው? ወይስ ምንድን ነው?

የኔ መልስ ሜሊሳና ኤብ ነው። ማለትም ሶንግበርድና ማክ-ዋን። ሜሊሳ ድሮ ስክሪሚንግ ሚሚ ነበረች፤ በጩኸቷ ሰው የምታሳብድ፣ ደፋር፣ ባለጌ አፍ ያላት ትግል ተጋጣሚ። ከዚያ ጉሮሮዋ ተጎዳና ያ ኃይሏ ጠፋ። አሁን ድምጿን ወደሚጨበጥ ነገር የሚቀይርላት ቴክኖ የሠራላት መሣሪያ ነው። ክንፍ ይሆናል፣ ግድግዳ ይሆናል። ኤብ ደግሞ ለዓመታት ስፓይደርማን ሲደበድበው የኖረው ቢትል ነው። ሁለቱም መሸነፍ የለመዱ ሰዎች ናቸው። ማንም «ጎበዝ» ብሏቸው አያውቅም። አሁን ግን ሜሊሳ ሰው አድና ስትመለስ ኤብ ያያታል። ኤብ አድኖ ሲመለስ ሜሊሳ ታየዋለች። አንዱ ሌላው ፊት ወደ ድሮው ማንነቱ መመለስ አፈረ። ለኔ የቡድኑ ለውጥ የጀመረው እዚህ ጋ ነው። ዚሞ የሕዝቡን ጭብጨባ አስልቶ ነበር፣ ይሄን ግን አላሰላውም።

እናንተስ?

ሕሊና_ቀለም

ብራና፣ ስለ ሜሊሳ የጻፍከው አንጀቴን በላው። ግን ጆልትን እንዴት ትዘላታለህ? የሁሉም ነገር መዞሪያ እሷ ናት!

ጆልት፣ በእውነተኛ ስሟ ሃሊ፣ በአራተኛው እትም ወደ ቡድኑ ስትመጣ ገና ታዳጊ ናት። ወላጆቿን ያጣችው በኦንስሎት ጥፋት ነው። አርኒም ዞላ የሚባል ክፉ ሳይንቲስት ይዞ ሙከራ ሠርቶባታል። ከዚያ አምልጣ መጠጊያ ያደረገችው ተንደርቦልትስን ነው፤ ለምን? እውነተኛ ጀግኖች ስለመሰሏት። እስቲ አስቡት። ቤቱ ውስጥ ያሉት በሙሉ ውሸታሞች ናቸው፣ መሀላቸው አንዲት ልጅ ገብታ ሁሉንም ታምናቸዋለች። ጠዋት ማታ እንዴት ጎበዝ እንደሆኑ ትነግራቸዋለች። ምስጢሩን ማንም አልነገራትም።

ከእሷ በፊት ትወናው ለካሜራና ለጋዜጠኛ ነበር። ቤታቸው ሲገቡ ጭምብሉ ይወልቃል፣ እንደ ድሮው ይነጋገራሉ። እሷ ከመጣች በኋላ ቤት ውስጥም መተወን ግድ ሆነባቸው። ቀኑን ሙሉ ጥሩ ሰው መሆን ነበረባቸው፤ ሳሎን ውስጥ፣ ምግብ ላይ፣ ልምምድ ላይ። ጥሩ ሰው መሆንን ቀኑን ሙሉ የሚለማመድ ሰው መጨረሻው ምን ይሆናል?

ደግሞ እውነቱን ስታውቅ ጥላቸው አልሄደችም። እነሱ ራሳቸው ማን እንደሆኑ ግራ ገብቷቸው ሳለ እሷ «ጀግኖች መሆን ትችላላችሁ» ብላ ያዘቻቸው። በቡድኑ ውስጥ ከሁሉም የማደንቀው ሰው እሷን ነው።

ጋሽ_እትም

ልጆች፣ እንዲህ ዓይነት ወሬ ስታነሱ ደስ ይለኛል። ትንሽ የኋላ ታሪክ ልጨምር።

መጀመሪያ የታዩት በራሳቸው ኮሚክ ላይ አይደለም። ሀልክ 449ኛው እትም ላይ ነው። አንባቢው ተራ አዲስ ቡድን ነው ብሎ አለፋቸው። በዚያን ጊዜ እንደ ዛሬው ኢንተርኔቱ ሁሉን ነገር ቀድሞ አይዘረግፍም፤ ምስጢሩም ሳይወጣ ገበያ ላይ ዋለ። ደራሲው ከርት ቢዩሲክ ነው፣ ሠዓሊው ማርክ ባግሊ። ባግሊ ከዚያ በፊት በስፓይደርማን የታወቀ ስለሆነ አንባቢው ዓይኑን አምኖት ነበር። ሥዕሉ ንጹሕና ብሩህ ነው። ማን ይጠረጥራል?

ሁለት ነገሮች ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ የሲቲዝን ቪ ስም። እውነተኛው ሲቲዝን ቪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚን የተዋጋ ጀግና ነው። የገደለው የዚሞ አባት ሃይንሪክ ዚሞ ነው። ልጁ ሄልሙት አባቱ የገደለውን ሰው ስም ለብሶ ነው አደባባይ የወጣው። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ማለት ይኼ ነው። ሰውየው ለቡድኑ የነበረው ንቀት ከዚህ ይጀምራል። ለእሱ ጀግንነት መሳለቂያ ነው።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ትልቅ ጠላታቸው ሬኪንግ ክሩ የሚባል የወንጀለኞች ቡድን ነው። እነዚህ ሰዎች በ1980ዎቹ ዚሞ የአቬንጀርስን ቤት በወረረ ጊዜ ከጎኑ የነበሩ ናቸው። ዚሞ የድሮ ሎሌዎቹን እየደበደበ ነው ስም ያገኘው። ሲጠቅሙት ይይዛቸዋል፣ ሳይጠቅሙት ይጥላቸዋል። ኤብና ሜሊሳ ይህን በዓይናቸው አይተዋል። ነገ የእነሱ ተራ እንደሚሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ናቲ_ሲኒማ

እኔ ፊልሙን ብቻ ነው ያየሁት፤ ይቅርታ ጋሼ፣ ጥያቄ አለኝ። ይሄ ከዲሲው ሱሳይድ ስኳድ በምን ይለያል? ሁለቱም ቪላኖች ጀግና ሲሆኑ አይደል?

ደግሞ ፊልሙም ላይ እኮ ሕሊና ያለችው ነገር አለ። ቦብ ጨለማው ሲውጠው የሚያወጣው ጉልበት አይደለም። ዬሌና ትገባለች፣ ሌሎቹ ይከተሏታል፣ አብረው ያቅፉታል። ስለዚህ አባላቱ ቢቀየሩም ሐሳቡ የቀረ አልመሰለኝም።

ባለ_ጭምብሉ

ናቲ፣ ስለ ፊልሙ ያልከው ትክክል ነው፤ የቡድኑን ነፍስ አግኝተውታል።

ሱሳይድ ስኳድ ግን ሌላ ነገር ነው። ጆን ኦስትራንደር በ1987 የጀመረውን ካነበብክ አማንዳ ዋለር የምትባል የመንግሥት ባለሥልጣን እስረኞችን ትሰበስባለች። ተልዕኮ ከሠራህ ፍርድህ ይቀንሳል። ከሸሸህ እጅህ ላይ ያለው ፈንጂ ይፈነዳል። እዚያ ጥያቄው «ተገድዶ ጥሩ የሠራ ሰው ምን ይባላል?» ነው። ከእስረኞቹ አንዱ ካፒቴን ቡመራንግ ያን ሁሉ ተልዕኮ ወጥቶ እዚያው ቡመራንግ ነው። ወራዳነቱን አልተወም፣ ደራሲውም እንዲተው አላስገደደውም። በጣም የምወደው ሥራ ነው።

ተንደርቦልትስ ላይ ፈንጂ የለም። በሩ ክፍት ነው። ዚሞ ክፋት እንዲሠሩ ነው የሚፈልጋቸው። ማለትም አለቃቸው ወደ ክፋት እየጎተታቸው በራሳቸው ወደ ሌላው ሄዱ። ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

ሌላ የምመክርህ ጌይል ሲሞን ስለ ቪላኖች ቡድን የጻፈችው ሲክሬት ሲክስ ነው። የ2008ቱን ያዝ። እዚያ ማንም ጀግና ልሁን አይልም። ግን ቤን፣ ባትማንን የሰበረው ቤን፣ የቡድን ጓደኛውን ስካንዳል ሳቬጅን እንደ ልጁ ማየት ይጀምራል። እሷ አባት አልለመነችም፤ ያላት አባት ይበቃታል። እሱ ግን ሲጠብቃት፣ ሲቆጣላት፣ አልፎ አልፎም ሲያናድዳት ታያለህ። እነዚህ ሁሉ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ የሚባሉ ገጸ ባህሪያት ናቸው። ለዚህም ነው እንዲህ የሚያምሩት። ሱፐርማን ነገ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። የሲክሬት ሲክሱ ካትማን ነገ ምን እንደሚሆን ግን ማንም አያውቅም፣ ሊሞትም ይችላል።

ሩት_ከዳር

ሁላችሁም ስለ ጥሩዎቹ እያወራችሁ ነው። ካርላን ረሳችኋት።

ሜቲዮራይት፣ የድሮዋ ሙንስቶን፣ ዶክተር ካርላ ሶፈን። የሥነ አእምሮ ሐኪም ናት። ሰው ምን እንደሚፈልግ፣ የት ላይ እንደሚያመው ታውቃለች። ያን እውቀት ለማከም ሳይሆን ለመንዳት ነው የምትጠቀምበት። ቡድኑ ውስጥ ከዚሞ ጋር እኩል ማሰብ የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ጆልትን የምታቀርባት፣ ሜሊሳን «አይዞሽ» የምትላት እሷ ናት። ስታነቡ አንድ ነገር አስተውሉ፤ ካርላ ለአንድ ሰው ደግ ስትሆን ከኋላው ሌላ ስሌት አለ። የምትፈልገው ዚሞን ገልብጣ ቡድኑን መያዝ ነው።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? ስሌት ቢሆንም ውጤቱ ያው ነው። ሜሊሳ በራሷ እንድትተማመን ያደረገችው ለጥቅሟ ቢሆንም ሜሊሳ በራሷ መተማመኗ እውነት ነው። ጆልት የተጽናናችው በውሸት ማጽናናት ቢሆንም ተጽናንታለች። ዚሞን ለመጣል ሲነሱ ያንን ጉልበት ከየት አመጡት? ግማሹን ካርላ ናት የገነባችው፣ ለሌላ ዓላማ።

እና ለኔ የተንደርቦልትስ ዋና ገጸ ባህሪ ሜሊሳ አይደለችም። ካርላ ናት። ሌሎቹ ከተቀየሩ በኋላ «እንግዲህ ጥሩ ሰው ነኝ» ብለው ማረፍ ይችላሉ። ካርላ ጥሩ ስትሠራ እንኳ ለምን እንደሠራችው ራሷም እርግጠኛ አትሆንም። ቢዩሲክ ቀላል መልስ ስላልሰጣት አከብረዋለሁ።

ብራና_ገላጭ

ሩት፣ ይኼን እንደገና አነበብኩት። ስለ ካርላ የጻፍሽው የኔን ሐሳብ አልናደውም፣ አሰፋው። ሜሊሳ ኤብ ፊት ደፋር እንድትሆን መጀመሪያ ያነሳሳት ማን ነበር ስል ካርላን አገኛለሁ።

ሕሊና፣ «ቤት ውስጥም መተወን ግድ ሆነባቸው» ያልሽው ደግሞ ልክ ነው። ዚሞ ይህን ያወቀው ዘግይቶ ነው። ቡድኑ እየከዳው መሆኑን ሲያይ ያደረገውን አስታውሱ። አሥረኛው እትም ላይ ማንነታቸውን ራሱ አጋለጠ! ሕዝቡ ከጠላቸው፣ መንግሥት ካሳደዳቸው፣ ከእሱ ሌላ መሄጃ አይኖራቸውም ብሎ ነው። ሰዎቹን የሚያውቃቸው በፍርሃታቸው ብቻ ነበር። እነሱ ግን ተጋልጠውም፣ ተዋርደውም፣ እሱን ተቃወሙ። ከዚያ በፊት ጥሩ መሆን ጭብጨባ ያስገኝ ነበር። አሁን ጭብጨባ የለም፣ ፖሊስ ነው ያለው። ያኔ ነው የለየላቸው።

የአራዳ_አንባቢ

አትላስን ማን ያንሳልኝ? ኤሪክ ጆስተን ምስኪኑ። ቁመቱ ሕንፃ ያህላል፣ ልቡ ግን ትእዛዝ የሚጠብቅ ወታደር ነው። ኃይሉን የሰጡት ሌሎች ናቸው፣ ስሙን የሰጡት ሌሎች ናቸው፤ ፓወርማን፣ ጎልያድ፣ አትላስ። ሁልጊዜ የሌላ ሰው ሎሌ። ዚሞን የሚወደው ስለሚፈራው አይደለም፣ የሚመራው ሰው ስለሚፈልግ ነው። ከዚያ ደግሞ የከንቲባ ረዳት የሆነችው ዳላስ ሪዮርዳን መጣች። ወደዳት። እሷም ለእሱ ክብር ነበራት። ግን የምታከብረው አትላስን ነው፣ ኤሪክን አታውቀውም።

ኤብና ሜሊሳ ቢያንስ የአንዳቸውን የድሮ ኃጢአት አንዳቸው ያውቁታል። ኤሪክ የሚወዳትን ሴት በየቀኑ እየዋሸ ነው የሚኖረው። ሲጋለጡ ከሁሉም በላይ የተጎዳው እሱ ይመስለኛል። ዚሞን መክዳት ለሌሎቹ ነፃ መውጣት ነው። ለኤሪክ ግን ሕይወቱን ሙሉ የተደገፈበትን ነገር መጣል ነው።

ቴክኖን ብቻ ምንም የነካው ነገር የለም። አእምሮው ወደ ማሽን ከገባ በኋላ ያችው ትንሽ ሰውነቱም ጠፋች። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም።

ሕሊና_ቀለም

አራዳው፣ ዳላስን ስላነሳህ ተባረክ። የእሷ ቁጣ ትክክለኛ ነበር፤ ሥራዋንም ስሟንም ነው ያጣችው በእነሱ ምክንያት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ሀውክአይ! ቀስተኛው አቬንጀር ከዚሞ በኋላ የቡድኑ መሪ ሆኖ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ኤብን ምን አደረገው? የድሮ የግድያ ወንጀል አለብህና እስር ቤት ተመለስ አለው። ካልሆነ ሕዝቡ ቡድኑን አያምንም ብሎ። ኤብም እሺ ብሎ ሄደ። ሜሊሳ ብቻዋን ቀረች። ያን ሁሉ መንገድ መጥተው!

ጋሽ_እትም

ሕሊና ልጄ፣ እኔ በሀውክአይ እስማማለሁ። ቁጣሽ ይገባኛል፣ ግን ስሚኝ።

ሰው ሞቷል። የሞተው ሰው ቤተሰብ አለው። ኤብ ክንፍ ለብሶ ሕንፃ ላይ ስላንዣበበ ያ ደም አይደርቅም። ኮሚኩ እስከዚያ ድረስ ስለ መለወጥ ሲያወራ የበደሉት ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሀውክአይ የበደለኛውን ዕዳ አስታወሰ። ኤብ ደግሞ በሰንሰለት ተጎትቶ አልሄደም። በእግሩ ነው የሄደው። በአንደኛው እትም የነበረው ኤብ ይህን ያደርጋል? በፍጹም። እኔ የእሱ ለውጥ የተፈጸመው ያን ቀን ነው እላለሁ። ከዚያ በፊት ጥሩ ሥራ ሠርቷል፣ ያን ቀን ግን የሠራውን ክፉ ሥራ የኔ ነው አለ።

ሩት_ከዳር

ጋሼ፣ የሚሉት ስለ ኤብ ትክክል ነው። ስለ ሀውክአይ ግን አይደለም፣ ልቃወምዎት።

ሀውክአይ ራሱ እንዴት ጀመረ? በ1964 አይረንማንን የሚዋጋ ወንጀለኛ ሆኖ ነው የመጣው። በ1965፣ አቬንጀርስ 16ኛው እትም ላይ፣ ከኩዊክሲልቨርና ከስካርሌት ዊች ጋር አቬንጀር ሆነ። ሦስቱም ከአንድ ቀን በፊት ጠላት ነበሩ ማለት ይቻላል። እስር ቤት ግባ ያለው ሰው የለም። ካፒቴን አሜሪካ ቡድኑን ተረክቦ መራቸው፣ አለቀ። እሱ ያለ ዕዳ የተቀበለውን ዕድል ለኤብ በዕዳ ነው የሸጠለት።

እሺ፣ እሱ አልገደለም፣ ኤብ ገድሏል ይበሉኝ። ታዲያ ካርላስ? ያቺ ሴት በሐኪምነቷ ስንቱን ሰው አበላሽታለች! ሀውክአይ እሷን አልከሰሳትም። ፍቅር ያዘው! ኤብን ከሜሊሳ ነጥሎ እስር ቤት እየላከ እሱ ከካርላ ጋር። ሜሊሳ ይህን በየቀኑ እያየች ነው የምትኖረው። ይህን የምለው ታሪኩ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ኢፍትሐዊነቱ ራሱ ገጾቹን ያሞቃቸዋል። ሜሊሳ ከዚያ በኋላ የጠነከረችው፣ በማንም ፊት ሳይሆን ለራሷ ብላ ጀግና የሆነችው፣ ኤብ ስለሌለ ነው።

ብራና_ገላጭ

ይቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርሽ የመጀመሪያውን ጽሑፌን ታስተካክለዋለች። እኔ ሁለቱ እርስ በርስ እየተያዩ ተለወጡ ብዬ ነበር። አንቺ ደግሞ ሜሊሳ የሚያያት ሰው ሲሄድም እንዳልተመለሰች አሳየሽኝ። ሁለቱም ደረጃ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚያይህ ሰው ካላገኘህ ለብቻህ መቆም ላይ አትደርስም።

ስለ ፍትሑ ግን ከጋሼ ጋር ነኝ። ሀውክአይ አድልቷል፤ ኤብ መሄዱ ግን ትክክል ነበር።

ጋሽ_እትም

ሩት፣ የካርላ ነገር ላይ ረታሽኝ። የ1965ቱ ላይ ግን አልሸነፍም። ሀውክአይ ያን ዕድል እንዲሁ ስላገኘ ይመስለኛል ለሌሎች መስጠት የፈለገው። አሰጣጡን አላወቀበትም፤ ካፒቴን አሜሪካን ለመሆን እየሞከረ ነበር፣ ሰውየው ግን ካፒቴን አሜሪካ አይደለም።

ናቲ_ሲኒማ

እኔ አሁን ማንበብ ፈለግኩ። ከየት ልጀምር? ኦንስሎትን መጀመሪያ ማንበብ ግዴታ ነው?

ባለ_ጭምብሉ

ግዴታ አይደለም። አቬንጀርስ ሞተዋል ተብሎ እንደሚታሰብ ካወቅህ ይበቃል። ከአንደኛው እትም ጀምርና እስከ 12ኛው ሳታቋርጥ ሂድ፤ ያ አንድ ሙሉ ታሪክ ነው። ማርቬል አንሊሚትድ በሚባለው የኮሚክ ማንበቢያ አፕ ላይ ታገኘዋለህ። ከዚያ ከወደድከው የሀውክአይን ዘመን ቀጥል። ቢዩሲክ እስከ 33ኛው እትም ጽፎታል። ከ34ኛው ጀምሮ ፋቢያን ኒሲዬዛ ነው፣ እሱም ጥሩ ነው። ግን 34ኛው ላይ ጆልት ላይ የሚደርሰው ነገር ያስደነግጥሃል፤ አልነገርህም።

ሕሊና_ቀለም

ነግረኸዋል እኮ! ናቲ፣ አንብበህ 10ኛው ላይ ስትደርስ እዚህ ተመልሰህ ጻፍልን። ዚሞ ያደረገውን ስታይ ከማን ጋር እንደምትወግን ማወቅ እፈልጋለሁ።